ሙቀትና አየር በአሮጌ ሚኒባስ ውስጥ



እኔ ሹፌር ነበርኩ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ለብዙ ዓመት ሚኒባስ ነድቻለሁ። ፊደል የቆጠርኩት እንደ ብዙዎቻችሁ ካደግሁ በኋላ ነው። ሀ ሁን ለይቼ፣ ጋዜጣ ማንበብ ጀምሬ፣ የመንገድ ምልክቶችንም ተምሬ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ነገር ግን ከመሪው አጠገብ፣ በዓይኔ ሥር የነበረችን አንዲት ትንሽ ስዕል ሳላነብ ብዙ ዘመን ኖርኩ። ባለማንበቤም ሰው ልጎዳ ነበር። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያች ስዕልና ስለ ጓደኞቿ ነው። የመኪና ውስጥ ሙቀትና አየር የሚታዘዘው በእነሱ ነው።

ከእናንተ መካከል ሹፌር አለ፤ ረዳት አለ፤ ጋራዥ የሚሠራም አይጠፋም። የሚበዛው ግን ተሳፋሪ ነው። ተሳፋሪም ይህን ነገር ቢያውቅ ይበጀዋል። ለምን ቢባል፣ ሹፌሩ የሚቀመጠው ከፊት ነው። ከኋላ ወንበር ያለውን አየር የሚተነፍሰው ተሳፋሪው ነው።

ለመሆኑ ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

በሚኒባሱ ውስጥ ለማሞቂያ ተብሎ የሚነድ የተለየ እሳት የለም። ሞተሩ ነዳጅ ያቃጥላል። ከዚያ ሁሉ እሳት ጎማ የሚያዞረው ሲሶው ያህል እንኳ ላይሞላ ይችላል። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ከፊሉ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ከፊሉን ደግሞ በሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ውሃ ይሸከመዋል። ውሃው ሙቀቱን ይዞ ወደ ራዲያተር ይሄዳል። ራዲያተሩ በነፋስ ያቀዘቅዘዋል። ቀዝቅዞ ይመለሳል፤ እንደገና ይሞቃል። ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ እንዲህ ሲዞር ይውላል።

መኪና ሠሪዎቹ ታዲያ ይህ ሙቀት ከሚባክን ለምን ሰው አይሞቀውም አሉና ከሙቁ ውሃ ጥቂቱን በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ሰው መቀመጫ በኩል አመጡት። እዚያ አንዲት ትንሽ ራዲያተር አለች። አጠገቧ ማራገቢያ አለ። ማራገቢያው አየር ይነፋባታል። አየሩ በትንሿ ራዲያተር መሃል ሲያልፍ ይሞቃል። ለብ ብሎ ወደ እግራችን ወይም ወደ ፊት መስታወቱ ይመጣል። የጋለ ጀበና ፊት ለፊት እጃችሁን ዘርግታችሁ፣ አንድ ሰው ከወዲያ በኩል ቢያራግብ እጃችሁን የሚነካው አየር ሞቃት ነው፤ አይደል? ነገሩ እንደዚያ ነው።

እንግዲህ ሞተሩ ካልሞቀ ማሞቂያው አይሞቅም ማለት ነው። ጠዋት መኪናው እንደተነሣ ማሞቂያውን ከፍቶ "ይሄ ብርድ ነው የሚነፋው፤ ተበላሽቷል" የሚል ሹፌር ብዙ ነው። አልተበላሸም። ውሃው ገና አልሞቀም። ጥቂት መንገድ ይሂድና ይሞክረው።

እንደ ቶዮታ ሃይኤስ ባሉት የቆዩ ሚኒባሶች ሞተሩ ያለው ከፊት ወንበሮች ሥር ነው። ሹፌሩ ምድጃ ላይ የተቀመጠ ያህል ከታች ይሞቀዋል። ከኋላ ያለው ሰው ይንቀጠቀጣል። ሹፌሩ ግን "ዛሬኮ ብርድ የለም" ይላል። እኔም ስል ኖሬአለሁ። አንዳንዶቹ ሚኒባሶች ለኋላው ተሳፋሪ ከወንበር ሥር ሁለተኛ ማሞቂያ ነበራቸው። ውሃ ማንጠብጠብ ሲጀምር ግን ቱቦው ተቆርጦ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው የለም።

አሁን ወደ ስዕሎቹ እንምጣ። ደብተራችሁን ግለጡና እኔ ስናገር ሳሉ።

አንደኛው እጀታ በአንድ ጫፉ ሰማያዊ፣ በሌላው ጫፉ ቀይ ቀለም አለው። ሰማያዊው ብርድ፣ ቀዩ ሙቀት ነው። እጀታው ወደ ቀይ ሲሄድ ሙቁ ውሃ ወይም ሙቁ አየር ይለቀቃል። ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

ሁለተኛው አበባ የመሰለ ስዕል ነው። አበባ ግን አይደለም፤ የማራገቢያ ክንፍ ነው። አጠገቡ 1፣ 2፣ 3 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። ቁጥሩ ሲጨምር ነፋሱ ይበረታል። በትንሹ ቁጥር አልሠራ ብሎ በትልቁ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ማራገቢያው ደኅና ነው፤ ፍጥነቱን የሚቀንሰው ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ ተቃጥሏል። በየትኛውም ቁጥር ካልሠራ መጀመሪያ ፊዩዙን እዩ።

ሦስተኛው የተቀመጠ ሰው ስዕል ነው። ቀስት ወደ እግሩ ያመለክታል፤ በሌላው ላይ ወደ ፊቱ ያመለክታል። አጠገቡ ደግሞ የመስታወት ስዕል አለ። ከሥሩ እንደ እንፋሎት የተጠማዘዙ ሦስት ቀስቶች ወደ ላይ ይወጣሉ። ይህ "አየሩን ወደ ፊት መስታወት ስደደው" ማለት ነው።

አራተኛዋ እኔ ያላነበብኳት ናት። የመኪና ስዕል ናት። በአንዱ በኩል ቀስት ከውጭ ወደ መኪናው ይገባል። በሌላው በኩል ቀስቱ መኪናው ውስጥ ክብ ሠርቶ ይዞራል። በጣም በቆዩት መኪናዎች ላይ ስዕሉ የለም፤ በላቲን ፊደል የተጻፈ ቃል ብቻ ነው ያለው። የመጀመሪያው "የውጭ አየር አስገባ" ማለት ነው። ሁለተኛው "የውስጡን አየር መልሰህ መላልሰህ አዙር" ማለት ነው። እኔ ይህችን እጀታ የማውቃት አንድ ነገር ስለምታደርግልኝ ብቻ ነበር። ወደ ሁለተኛው ስገፋት ከፊት የሚመጣው አቧራ ይቆማል። ስለዚህ ገፍቼ ተውኳት። ወር አለፈ፤ ዓመት አለፈ፤ እዚያው ነበረች።

ነሐሴ 1988 ዓ.ም ነው። ከአዲስ አበባ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣን። መኪናው ሙሉ ነው። ሰው ሁሉ ጋቢና ብርድ ልብስ ተከናንቧል። ዝናቡ የደበደበው ሰው ልብሱ እንደረጠበ ነው የገባው። መስኮት በሙሉ ተዘግቷል። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከፍታዋም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ይደርሳል። ያቺ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፤ ፋብሪካው ቦታውን አውቆ ነው የተተከለው! ከዚያ አልፈን ወደ ጣርማበር ስንወጣ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ሆነ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ ያለበት ቦታ ነው። በክረምት እዚያ ጉም እንደሚወርድ የማያውቅ የለም።

እኔም ጉሙ ወረደ አልኩ። ፊቴ ነጭ ሆነ። መብራት አበራሁ። ዝናብ መጥረጊያውን አስነሣሁ። መጥረጊያው ይመላለሳል፤ ጉሙ ግን ያው ነው። ፍጥነቴን ቀነስኩ። መሪው ላይ ተደፋሁ። ቀኝ በኩል ገደል ነው። ረዳቴ ወጣት ልጅ ነበር። ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆየና እጁን ዘርግቶ መስታወቱን ከውስጥ በኩል በእጅጌው ጠረገው። በጠረገበት በኩል መንገዱ ወለል ብሎ ታየ።

"ጋሼ፣ ጉሙኮ እኛ ጋ ነው ያለው" አለኝ።

እውነቱን ነው። ውጭ ጉም አልነበረም። ጉሙ የእኛው ትንፋሽ ነበር።

ይህ እንዴት ሆነ? የወጥ ድስት ክዳን ስታነሡ ከሥሩ ውሃ ያንጠባጥባል። እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ክዳን ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጣል። የሰው ትንፋሽም እንፋሎት አለበት። ቆዳችንም ሳናየው እንፋሎት ያወጣል። አሥራ አምስት ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ያወጣል። እርጥብ ልብስና እርጥብ ምንጣፍ ሲጨመር ደግሞ አስቡት። ይህ ሁሉ እንፋሎት መውጫ አጥቶ ብርድ የመታውን መስታወት ያገኛል። እዚያው ውሃ ይሆናል። እኔ ደግሞ በዚያች እጀታ የተነሣ ያንኑ እርጥብ አየር እየሰበሰብኩ መልሼ መስታወቱ ላይ እነፋው ነበር።

መድኃኒቱ ለብዙ ሰው የማይመስል ነገር ነው። የውጭውን ብርድ አየር ማስገባት ነው! "ውጭ ዝናብ እየዘነበ፣ እርጥበት እያለ፣ እንዴት የውጭ አየር መስታወት ያደርቃል?" ትሉ ይሆናል። እኔም መካኒኩን እንዲህ ብዬ ተከራክሬዋለሁ። ብርድ አየር ብዙ ውሃ መሸከም አይችልም። ስለዚህ ከውጭ ሲገባ የያዘው ውሃ ጥቂት ነው። በትንሿ ራዲያተር አልፎ ሲሞቅ ግን የመሸከም አቅሙ ይጨምራል። የደረቀ ፎጣ ይሆናል ማለት ነው። መስታወቱ ላይ ያለውን ውሃ ጠጥቶ ይሄዳል። የሚሄድበት ቀዳዳ ግን ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ የኋላ መስኮት ሁለት ጣት ያህል ይከፈት።

እንግዲህ መስታወት ሲሸፈን እንዲህ አድርጉ። እጀታው ወደ ቀይ፤ ማራገቢያው ከፍ ይበል፤ አየሩ ወደ መስታወት፤ መኪናዋ ስዕል ላይ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ቀስት። የአየር ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ከሆነ እሱንም አብሮ ማስነሣት ይጠቅማል፤ አየሩን ያደርቃልና። አቧራ ያለበት መንገድ ወይም ጭስ የሚተፋ ከባድ መኪና ከፊታችሁ ሲኖር ለጥቂት ደቂቃ የውስጡን አየር ማዞር ይቻላል። ካለፋችሁት በኋላ ግን ወዲያው መልሱት።

የውጭ አየር አልገባም ካለ መግቢያው በቅጠልና በጭቃ ተደፍኖ እንደሆነ እዩ። አሮጌ መኪና ላይ ይህ የተለመደ ነው። የቆመበት ዛፍ ሁሉ ቅጠሉን እዚያ ነው የሚያራግፈው።

አሁን ደግሞ ማሞቂያው ጨርሶ ስላልሞቀ መኪና ላውራ።

ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ አጥፉት። ወደ ትንሿ ራዲያተር የሚሄዱትን ሁለት ቱቦዎች በጨርቅ አድርጋችሁ ዳብሱ። ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ውሃው እየዞረ ነው፤ ጥፋቱ ከማራገቢያው ወይም ከአየር መዝጊያው ነው። አንዱ ትኩስ፣ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃው መሃል ላይ ታግዷል። ወይ ቫልቩ አልተከፈተም፤ ወይ ትንሿ ራዲያተር በዝገትና በጭቃ ተደፍናለች። እኛ መንገድ ላይ ያገኘነውን የወንዝ ውሃ ሁሉ ስንሞላ ጭቃው የሚያርፈው እዚያች ቀጫጭን ቱቦ ውስጥ ነው። ንጹሕ ውሃና ዝገት የሚከላከል ፈሳሽ አንድ ላይ ሲሞላ ዕድሜዋ ይረዝማል።

ሁለቱም ቱቦዎች ቀዝቃዛ ከሆኑስ? ወይ ውሃው ጎድሏል፤ ወይ ቴርሞስታቱ የለም። ይህን ቃል ጻፉት። ቴር፣ ሞ፣ ስታት። ቴርሞስታት። ይህ ዕቃ የውሃው ዘበኛ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር ይዘጋል። ውሃው 80 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በሩን መክፈት ይጀምራል።

እኛ ሹፌሮች ግን ይህን ዘበኛ አንወደውም። ቆላ ላይ ሞተር ሲግል "ቴርሞስታቱን አውጣልኝ" እንላለን። ብዙ ጊዜ የሚያግለው የተደፈነ ራዲያተር ወይም የላላ ክዳን ነው። ዘበኛው ግን ይባረራል። ከዚያ ደጋ ስንወጣ ሞተሩ አይሞቅም። ማሞቂያው ብርድ ይነፋል፤ ነዳጅ ይበላል፤ ሞተሩም ቶሎ ያረጃል። ከኋላ ወንበር የምትንቀጠቀጥ አራስ ሴት ብርዱ ከየት እንደመጣባት አታውቅም። ቆላ ላይ ከተነቀለች አንዲት ቁራጭ ብረት ነው የመጣባት።

ማሞቂያው ሰው ከማሞቅ ሌላ ጥቅም አለው። ሸዋ ሮቢት ከፍታው 1,280 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ጣርማበር አናት ለመድረስ በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,700 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። በዚያ ዳገት የተጫነ አሮጌ ሞተር ይግላል። ከፍታው 3,000 ሜትር ሲሆን ደግሞ ክዳን የሌለው ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ነው የራዲያተር ክዳን አጥብቆ መዝጋት ያለበት። የሙቀት መርፌው ወደ ቀይ ሲጠጋ ማሞቂያውን በሙሉ ክፈቱ፤ ማራገቢያውን እስከ መጨረሻ አዙሩ፤ መስኮት ሁሉ ይከፈት። ትንሿ ራዲያተር ትልቁን ታግዛለች። እኔ ይህን ሳደርግ ተሳፋሪው "ይሄ ሹፌር አበደ እንዴ? በዚህ ሙቀት እሳት ይለቅብናል!" ብሎ ጮኸብኝ። አልፈረድኩበትም። ሞተሩ ግን ሳይፈላ ወጣ። መርፌው ካልመለሰ ግን ቁሙ። የጋለ ራዲያተር ክዳን አትንኩ፤ ፊት ይልጣል።

ሌላም ምልክት አለ። መኪናው ውስጥ ጣፋጭ ነገር የሚሸት ከሆነ፣ መስታወቱ ላይ ቅባት የመሰለ ጉም ከያዘ፣ ከፊት ያለው ምንጣፍ ከረጠበ፣ ትንሿ ራዲያተር ታፈሳለች። ውሃው ሳያልቅና ሞተሩ ሳይቃጠል ጋራዥ ውሰዱት።

አሁን ስለ ጭስ እነግራችኋለሁ። ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ጥቅምት 1989 ዓ.ም ነበር። ከነሐሴው ጉም ሁለት ወር አልፎታል። ስለ መስታወቱ አውቄአለሁ ብዬ የኮራሁበት ጊዜ ነው። ጠዋት ጠዋት ውርጭ ስለነበር የኋላውን መስኮቶች ጠርዝ ብርድ እንዳያስገቡ በካርቶንና በጨርቅ ጠቀጠቅኳቸው። ሰው አመሰገነኝ። የኋላው በር ላስቲክ መቀደዱን አውቅ ነበር። የጭስ ማውጫው ቱቦ ከማርሚታው በፊት እንደተሰነጠቀም ከድምፁ አውቅ ነበር። "ስመለስ አስበይደዋለሁ" ብዬ አሳደርኩት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የሌላ የማንም አይደለም።

ሸኖን ስናልፍ ከኋላ ያሉት ሁሉ አንቀላፍተዋል። አንድ ልጅ አስመለሰው። "መኪና አዙሮት ነው" ተባለ። ከኋላ ወንበር አንዲት አሮጊት "የኔ ልጅ፣ ራሴን ፈለጠኝ" አሉ። "ብርድ ነው፣ እማማ፤ ተከናነቡ" አልኳቸው። ጥቂት ቆየና አጠገባቸው ያለው ጎልማሳም ራሱን ያዘ። ቀጥሎ ያለችውም ልጅ ዞረብኝ አለች። አሮጊቷ ዝም አላሉም።

"አንተ ልጅ፣ አቁም! ብርድ ቢሆን ተራ በተራ ነው የሚመታን። ሁላችንንም ባንድ ጊዜ እንዴት ያመናል?"

አቆምኩ። በሩ ሁሉ ተከፈተ። ሰውን ደግፈን ውርጩ ላይ አወረድነው። የአንዲቱ ልጅ እግር አልታዘዝ ብሏት ረዳቴ ተሸከማት። ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ተረፈች። የሌላው ሰው የራስ ምታት ቀስ እያለ ለቀቀው። እኔ ከፊት ስለነበርኩና የጎኔ መስኮት ክፍት ስለነበር ምንም አልሆንኩም። ነገሩን እስከ ዛሬ ሳስበው የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

የዚያ ጭስ ስም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ረጅም ቃል ነው። ካር፣ ቦን፣ ሞ፣ ኖክ፣ ሳይድ። ነዳጅ በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር ይፈጠራል። ቀለም የለውም። ሽታም የለውም። የቤንዚን ሞተር ከናፍጣ ሞተር የበለጠ ያወጣዋል፤ የናፍጣም ጭስ ቢሆን ጤና አይደለም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከም ነገር አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል በዚህ ተሸካሚ ላይ ይጣበቃል። ኦክስጅኑ ቦታ ያጣል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ነው። ከዚያ እንቅልፍ ይመጣል። ከዚያ እንቅልፍ የማይነሣ አለ።

ሚኒባስ ደግሞ ጀርባው ቀጥ ያለ ሣጥን ነው። ሲሄድ አየሩ በጎንና በጣሪያው አልፎ ከኋላው ይሽከረከራል። የራሱን ጭስ ወደ ኋላ በሩ ይስበዋል። የተቀደደ ላስቲክ ካገኘ ይገባል። ጆንያ ወይም በግ ጭኖ የኋላውን በር በገመድ አስሮ ክፍት አድርጎ የሚሄድ ሹፌር አይታችኋል። "አየር ይገባል" ይላል። የሚገባው ጭስ ነው። መስኮት ሲከፈትም የኋላው ብቻ አይከፈት፤ የፊቱም ትንሽ ይከፈት። ያን ጊዜ አየሩ ከፊት ገብቶ ከኋላ ይወጣል።

የድሮው ፎልክስዋገን ኮምቢ ላይማ ጥንቃቄው ይበልጣል። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ለሰው የሚመጣው ሙቅ አየር የጭስ ቱቦውን በከበበ የብረት ሣጥን ውስጥ አልፎ ነው የሚመጣው። ቱቦው እዚያ ውስጥ በዝገት ከተበሳ ማሞቂያው ራሱ ጭስ ያመጣል። እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው ክረምት ከመግባቱ በፊት ያንን ብረት ያሳይ።

ሹፌርም ሆነ ረዳት መኪና ውስጥ ሲያድር ሞተር አስነሥቶ አይተኛ። ከሰል ማንደጃም ይዞ አይግባ። ከሰሉ ፍም ቢሆንም፣ ጭሱ ቢጠፋም፣ ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል። ሁለት ብርድ ልብስ ይሻላል። ራሱን የሳተ ሰው ካጋጠማችሁ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፤ ሳትዘገዩም ጤና ጣቢያ አድርሱት።

መስኮት ክፈቱ ማለት ቀላል ነው፤ ማስከፈት ግን ከባድ ነው። አንዱ ይከፍታል፤ ሌላው "ኧረ ዝጉት፣ ብርድ መታኝ!" ይላል። እኔ በጉልበት አላስከፈትኩም። አዛውንቶችንና ሕፃናት የያዙትን ሞቃቱ አየር ከሚነፋበት አጠገብ አስቀምጣለሁ። ነፋስ የሚችለውን ወጣት ከሚከፈተው መስኮት ጎን አደርጋለሁ። ማሞቂያው እየሠራ ሁለት ጣት መስኮት ቢከፈት ሰው አይበርደውም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን ሲገባ የጤና ባለሙያዎች መስኮት ክፈቱ ሲሉን ነበር። የሳንባ ነቀርሳም የሚተላለፈው በዚሁ በተዘጋ ቤትና መኪና ውስጥ በምንጋራው አየር ነው። እሱ ደግሞ ዛሬም አብሮን አለ።

ከዚያ የጥቅምት ቀን በኋላ ቱቦው ተበየደ፤ የበሩም ላስቲክ ተቀየረ። እኔም ነጭ ፕላስተር ገዛሁና በእጀታዋ ሁለት ጫፍ ላይ ለጠፍኩ። በእስክሪብቶ በአማርኛ ጻፍኩበት። በአንዱ ጫፍ "የውጭ አየር" በሌላው ጫፍ "የውስጥ አየር" የሚል ነው። ረዳቴ በዚያን ጊዜ ማታ ማታ ፊደል ይቆጥር ነበር። ጠዋት ከመነሣታችን በፊት ጣቱን ፕላስተሩ ላይ አድርጎ "የ፣ ው፣ ጭ፣ አ፣ የ፣ ር" እያለ ያነባል። ከዚያ እጀታዋን ራሱ ወደዚያ ገፍቶ "ጋሼ፣ እንሂድ" ይለኛል።

እናንተም እነዚህን ሁለት ቃላት ዛሬ ማታ በደብተራችሁ ጻፏቸው። ደህና ሰንብቱ።